«ዓይኗ ደህና ነው፤ ለምን ትመርመር?» ስኳር ያለባቸው ወላጆቻችንና ዓይናቸው



በቅርቡ በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጠያቂዋ አዲስ አበባ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ፈቃዷን ጠይቄ ነው የማቀርበው። እንዲህ ትላለች፦ «ዶክተር፣ እናቴ ያለችው ዘመሮ ነው። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ኪኒን ትወስዳለች። ዓይኗ ደህና ነው፤ ሱፍ ትፈትላለች፣ መርፌ ውስጥ ክር ራሷ ነው የምታስገባው። ጤና ጣቢያ ግን ዓይኗን ታሳይ ብለው ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፉላት። መንገዱ ሩቅ ነው። ዓይኗ ምንም ሳይሆን ለምን ላንገላታት?»

ይህን የመረጥኩት ጠያቂዋ ብቻዋን ስላልሆነች ነው። በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይመጣል። አንዱ ስለ አባቱ ይጠይቃል፣ ሌላዋ ስለ ራሷ። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ «ያያል፣ ስለዚህ ዓይኑ ጤነኛ ነው።» ስኳር ላለበት ሰው ይህ ሐሳብ ዓይን ያስከፍላል። አጭሩ መልሴ «ትሂድ» ነው። ረጅሙን ከዚህ በታች አንብቡት።

ዘመሮን ለማታውቁ፣ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋ ነው፤ የገብስና የበግ፣ የበርኖስና የባና አገር። ከዚያ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ ለአንዲት እናት ቀላል አይደለም። የትራንስፖርት ገንዘብ አለ፣ የአልጋ አለ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው መፈለግ አለ፣ ቤቱንና ከብቱን ማን ያያል የሚል ሐሳብ አለ። ስለዚህ «ለምን ላንገላታት?» የስንፍና ጥያቄ አይደለም፤ በቂ ምክንያት ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ስኳር ዓይን ውስጥ ምን ይሠራል?

አሁን የያዛችሁትን ስልክ አዙሩና ካሜራውን እዩት። ከፊት ሌንስ አለ። ከሌንሱ ኋላ ደግሞ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይር ትንሽ ስስ ክፍል አለ። ዓይናችንም እንደዚያው ነው፤ ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ ደግሞ ሬቲና የሚባል እንደ ወረቀት የሳሳ ንጣፍ። በሕዝባችን ዘንድ የታወቀው የዓይን ሞራ የፊተኛው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። የደፈረሰ ሌንስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፣ ሰውየውም ያያል። ሬቲና ግን መለዋወጫ የለውም።

ሬቲናን የሚመግቡት ደም ስሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእነዚህን ደም ስሮች ግድግዳ ያዳክመዋል። መጀመሪያ ግድግዳቸው ቦታ ቦታ ላይ እንደ ፊኛ ያብጣል። ቀጥሎ ውሃና ቅባት ማፍሰስ፣ ጥቃቅን ደምም መንጠብ ይጀምራሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ይደፈናሉ። ያኔ የሬቲናው ክፍል ኦክስጅን ይርበዋል። የራበው ሬቲና ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «ደም ስር አብቅሉልኝ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ይልካል። አዳዲስ ደም ስሮችም ይበቅላሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ አዲስ በቀሎች ልፍስፍስ ናቸው። ሲያስሉ፣ ሲያጎነብሱ፣ አንዳንዴ ተኝተው ባሉበት ይፈነዱና ዓይን ውስጥ ደም ይፈስሳል። ከዚያም ጠባሳ ይፈጠርና ሬቲናውን ስቦ ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ በሕክምናው ቋንቋ ዲያቤቲክ ሬቲኖፓቲ ይባላል።

የጠያቂዬን ጥያቄ የሚመልሰው የሚቀጥለው ነጥብ ነው። ሬቲና ሰፊ ነው፤ ለማንበብ፣ ፊት ለመለየት፣ ክር ለማስገባት የምንጠቀምበት ግን መሐሉ ላይ ያለች ማኩላ የምትባል እጅግ ትንሽ ቦታ ናት። የደም መንጠቡ፣ መደፈኑ፣ አዳዲሶቹ ደም ስሮች መብቀላቸው ከማኩላ ውጭ ከሆነ ሰውየው ምንም አይታወቀውም። አያመውም፣ አይቀላም፣ አያሳክከውም፣ አያስለቅሰውም። ዛሬ ጥርት አድርጎ እያየ ነገ ጠዋት በአንድ ዓይኑ ጨለማ ይዞት የሚነሳ ሰው አለ። በሽታው በአንድ ሌሊት መጥቶበት እንዳይመስላችሁ፤ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ሲሠራ ነበር።

ስለዚህ እናትሽ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባቷ የሚነግረን ማኩላዋ ዛሬ እንደሚሠራ ብቻ ነው። ስለ ቀሪው ሬቲና ምንም አይነግረንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሰው ከሃምሳ ዓመት ሲያልፍ ያለ መነጽር ቅርብ ማየት ይቸገራል፤ የተፈጥሮ ነው። ከዚያ ዕድሜ በላይ ያለች እናት በፊት ክር ማስገባት አቅቷት ኖሮ አሁን «ዓይኔ ተመለሰልኝ» ካለች ደስ ከማለታችን በፊት መጠየቅ ይገባል። ሞራ ሲጀምር ወይም ስኳር ከፍ ብሎ ሌንሱን ሲያሳብጠው የቅርቡ ለጊዜው ይጠራል፣ የሩቁ ይደበዝዛል። ስኳር ሲዋዥቅ እይታም አብሮ ይዋዥቃል። ስኳሩ ሳይረጋጋ መነጽር የገዛ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ «መነጽሩ አልሆነኝም» የሚለውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ስኳሩ ይረጋጋ፣ መነጽሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደርሳል።

«ሞራ ነው፤ ሲበስል ይወጣል»

በእኔ እይታ ብዙ ዓይን የሚጠፋው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። እይታቸው የደከመ አባት ጎረቤት ይሰበሰብና «ሞራ ነው፣ አይዞህ፣ እስኪበስል ጠብቅ፣ ዘመቻ ሲመጣ ይገፈፍልሃል» ይላቸዋል። እሳቸውም ይጠብቃሉ።

ሕዝቡ ይህን ማለቱ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚሆነውን ያመጣው ሞራ ነበር፤ ቀጥሎ ትራኮማ የሚያስከትለው የዓይን ጠባሳ 11.5 በመቶ። የአገራችን የዓይን ሕክምና ሥራም በአብዛኛው የተዘረጋው በእነዚህ ላይ ነው። የሞራ ዘመቻ፣ ለትራኮማ የሚታደል መድኃኒት፣ የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና። ትልቅ ሥራ ነው፤ የብዙ ሰው ዓይን ተርፎበታል። ሕዝቡም ከዚህ የተማረው «ዓይን ሲደክም ሞራ ነው፣ ሞራ ደግሞ መድኃኒት አለው» የሚል ነው።

የስኳር የዓይን ሕመም ግን በተቃራኒው ነው የሚሄደው። ሞራን ብትጠብቁት በአብዛኛው በኋላም ይወጣል። ሬቲና ላይ ያለውን ጉዳት የጠበቃችሁት ጊዜ ግን በኋላ አይመለስም። ዘመቻም አይደርስለትም፤ አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ መታየት የሚፈልግ ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው ሞራም ቶሎ የሚይዘው መሆኑ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይን ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ሞራው ወጥቶ «አሁንም በደንብ አይታየኝም» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ አንዳንዶቹ ጋ ከኋላ ያለው ሬቲና ቀድሞ ተጎድቶ ነበር። ስለዚህ የስኳር ታማሚ ሞራ ሊያሠራ ሲሄድ «ሬቲናዬም ይታይልኝ» ብሎ አፉን ሞልቶ ይጠይቅ።

ማን ላይ ይበረታል?

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ስኳር ካለባቸው ሰዎች 35 በመቶ ገደማ የሬቲና ጉዳት እንዳለባቸው፣ 10 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ እይታን ሊያሳጣ በሚችል ደረጃ ላይ እንዳሉ አሳይቷል። በአገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩት ጥናቶች ውጤታቸው ይለያያል፤ አንድ ላይ ሲጠቃለሉ ከአምስት ታካሚ አንዱ ገደማ ነው። ዝቅተኛ ይመስላል፣ ግን አስቡት፤ በአንድ የስኳር ክትትል ክፍል ወንበር ላይ ከተቀመጡት አምስት ሰዎች አንዱ፣ አብዛኛው ሳያውቀው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ዓመት ነው። ከስኳር ጋር የቆየ ሰው ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በልጅነት የጀመራቸው ሁሉም ማለት ይቻላል፣ በጎልማሳነት ከጀመራቸውም ከግማሽ በላዩ የሆነ ያህል ጉዳት ይገኝባቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በጎልማሳነት የሚመጣው ስኳር (ዓይነት ሁለት የምንለው) ሳይታወቅ ለዓመታት ይቆያል። ዘመሮ ላይ ያለችው እናት «ዘጠኝ ዓመቴ ነው» ብትል ዘጠኝ የሆነው ከታወቀ ነው። ከመታወቁ በፊት ስንት ዓመት እንደነበረ ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ በታወቀ ቀን የዓይን ምርመራውም አብሮ እንዲታዘዝ የሚመከረው። በልጅነት የጀመራቸው ኢንሱሊን ተጠቃሚዎች ደግሞ ከጀመረ በአምስት ዓመት ውስጥ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም በዓመት አንዴ፤ ጉዳት ከተገኘ ሐኪሙ ያቀራርበዋል።

ዓመቱን መመለስ አንችልም። የምንችለውን ግን እንይ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ1,441 ዓይነት አንድ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት አለ። ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ሰዎች እንደ ወትሮው ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ዓይናቸው ላይ ምንም ካልነበረባቸው መካከል አዲስ ጉዳት የመምጣቱ ዕድል በ76 በመቶ ቀነሰ። ሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የእንግሊዞች ጥናት ደግሞ በዓይነት ሁለት ታማሚዎች ላይ የደም ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር ብቻውን የሬቲናው ጉዳት እየባሰ የመሄዱን ዕድል በ34 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ።

ይህን የምነግራችሁ የደም ግፊቱን ብዙ ሰው ስለሚረሳው ነው። ለስኳር ኪኒን የሚጨነቅ ሰው የግፊቷን ኪኒን «ዛሬ ራሴን አላመመኝም» ብሎ ይተዋታል። ለአብዛኛው የስኳር ታማሚ ግፊቱ ከ130/80 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ የእያንዳንዱን ግብ ግን የሚያየው ሐኪም ይወስናል። ኩላሊትም እንደዚሁ ነው፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን የተገኘበት ሰው ዓይኑም አብሮ የመጎዳቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው፣ ደም ስሮቹ አንድ ዓይነት ናቸውና። የደም ቅባት፣ ሲጋራ፣ የደም ማነስም ያባብሳሉ።

ለወጣት ሴቶች አንድ ማስታወሻ፦ ስኳር ኖሮባችሁ ማርገዝ ካሰባችሁ ከማርገዛችሁ በፊት ዓይናችሁን ታዩ፣ ካረገዛችሁ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። እርግዝና የነበረን ጉዳት ሊያፈጥነው ይችላል።

ከገበታው ላይ

«እኔ እኮ ስኳር አልነካም፤ ሻይ የምጠጣው ያለ ስኳር ነው» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ከዚያ ስለ ምሳቸው ስጠይቅ ሁለት እንጀራ፣ ከሰዓት የገብስ ቆሎ፣ ማታ በሶ፣ በዓል ከሆነ ጠላ። ገብስ «ስኳር የለውም» የሚል እምነት በደጋው ጠንካራ ነው። ካልተፈተገ ገብስ የሚገኘው አሠር ጥሩ ነገር ነው፣ ስኳሩን ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፤ ግን ስታርች ስታርች ነው፣ መጠኑ ይቆጠራል። ማርም «ተፈጥሯዊ» ስለሆነ አይፈቀድም። አረቄ በባዶ ሆድ ከስኳር መድኃኒት ጋር ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ስኳሩን በድንገት ወደ ታች ሊጥለው ይችላል። ጾም ላይ ያለች እናት መድኃኒቱንና የምትበላበትን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትነጋገር፤ በራሷ ኪኒኑን ዘልላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቆይ።

ስለ ፀበልም ይጠይቁኛል። የእምነት ጉዳይ ነው፣ እኔ የምለው የለኝም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀበል ሲገቡ መድኃኒቱ አይቋረጥ። ለሁለት ሱባዔ ኢንሱሊን አቁመው በቃሬዛ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ኢንሱሊን ካነሳን፣ የደጋ ሰው የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ የቆላ ምክር ነው፦ «እንዳይሞቅ ጠብቁት»። መንዝ ላይ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊት የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ከማስጠጋት በልብስ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ስኳሩ ለረጅም ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ የቆየበት ሰው በአንድ ጊዜ በፍጥነት ሲወርድለት የሬቲናው ጉዳት ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። ይህ ማለት ስኳሩ አይውረድ ማለት አይደለም፤ ጥቅሙ ውሎ አድሮ እጅግ ይበልጣል። ማለት የፈለግኩት አዲስ ጠንካራ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ቢታይ ጥሩ ነው።

ጉዳት ቢገኝስ?

ይሄኛው ፍርሃት ነው ብዙ ሰው የሚያስቀረው። «ሄጄ መጥፎ ነገር ከምሰማ» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ የሚታዘዘው ሕክምና ብዙ ጊዜ የዓይን ሕክምና እንኳን አይደለም፤ ስኳሩንና ግፊቱን ማጥበቅና ቀጠሮውን ማቀራረብ ነው። ጉዳቱ ከገፋ ሁለት ዋና መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ሌዘር ነው፤ የራበውን የሬቲና ዳርቻ በብርሃን ነጥቦች በመተኮስ አዳዲሶቹን ልፍስፍስ ደም ስሮች ያከስማል። ሁለተኛው ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው። ስሙ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ዓይኑ በጠብታ ደንዝዞ ነው የሚሰጠው፣ የሚወስደውም ጥቂት ሴኮንድ ነው። በተለይ ማኩላ ላይ ውሃ ለቋጠረባቸው ይሠራል፤ መጀመሪያ ላይ ግን በየወሩ መደጋገሙ አይቀርም። ደሙ ካልጠራ ወይም ሬቲናው ከተሳበ ከባድ ቀዶ ሕክምና አለ። እነዚህ በአገራችን የሚገኙት በጥቂት ትልልቅ ማዕከላት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ አንጋፋው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ይታወቃል፣ ጎንደርና ጅማም የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸው ማዕከላት አሉ።

«እገሌ ሌዘር ተደርጎለት ታወረ» የሚለውን ወሬ ሰምታችኋል? እኔ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዙውን ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው፦ ሰውየው የመጣው አንዱ ዓይን ጠፍቶ ሁለተኛው ሲደበዝዝ ነው። ሌዘር ያለውን እይታ ለማትረፍ ነው የሚደረገው፣ የሄደውን አይመልስም። ይህን ማንም በደንብ አላስረዳውም። ሲጠብቅ የነበረው እንደ ሞራው ፋሻው ተፈትቶ ብርሃን ማየት ነው። እይታው ሳይጨምር ሲቀር፣ በሽታውም ቀድሞ የጀመረውን ጉዳት ሲጨርስ፣ ጥፋቱ ለሌዘሩ ይሰጣል። በጊዜ ሲደረግ ከባድ የእይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

የሌላ አገር ልምድም ልጥቀስ። እንግሊዝ ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎችን ከሚያሳውሩ ነገሮች ለአምስት ዐሥርት ዓመታት ያህል አንደኛ የነበረው የስኳር የዓይን ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ለስኳር ታማሚዎች ሁሉ በየዓመቱ የሬቲና ፎቶ የማንሳት ፕሮግራም ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከአንደኛ ደረጃ መውረዱን ዘገበ፤ የተሻለ የስኳር ቁጥጥርና ይህ ምርመራ ሊሆኑ ከሚችሉ ምክንያቶች ተጠቅሰዋል። ታምር የሚባል መድኃኒት አልተገኘም፤ ሰው ሳያመው ታየ፣ በቃ።

እንግዲህ እናትሽ እንዴት ትሂድ?

አሁን ወደ ጠያቂዬ ልመለስና ስልክሽን ተጠቅመሽ ከአዲስ አበባ ሆነሽ የምትሠሪውን ልንገርሽ። ሌሎቻችሁም ለየቤታችሁ ውሰዱት።

መጀመሪያ እዚያ ያለ ታናሽ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ የእናትሽን የቀጠሮ ካርድና የኪኒኖቿን ማሸጊያ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። የስኳሩን ቁጥር፣ የግፊቱን ቁጥር፣ የኪኒኑን ስምና ሚሊግራም ታያለሽ። ኪኒን ሲያልቅባት «ነጯ ትልቋ» ተብሎ ከሚገዛ ይህ ይሻላል።

ከዚያ ሳይነሱ በፊት ይደወል። ጥያቄው «የዓይን ክፍል አለ?» መሆን የለበትም፤ መነጽር የሚለካ ክፍል ኖሮ ሬቲና የሚያይ ባለሙያ በዚያ ቀን ላይኖር ይችላል። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ብሌን በጠብታ አስፍቶ ሬቲና የሚያይ ባለሙያ በየትኛው ቀን ነው ያለው?» ከዘመሮ ተጉዞ «የሚያየው ሐኪም ሐሙስ ነው» መባል ሰውን ዳግመኛ እንዳይመጣ ያደርጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ካልተመቸ ለበዓል ወይም ለሠርግ አዲስ አበባ ስትመጣ ከዚያ ጉዞ ጋር አገናኙት፤ ለብቻው ጉዞ ከማድረግ ይቀላል። ግን «ለፋሲካ ትመጣለች» ብላችሁ ዓመት አትግፉት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነች ካርዷንና የጤና ጣቢያውን ሪፈር ትያዝ፤ ያለ ሪፈር ከሄደች ወጪው ከኪሷ ሊሆን ይችላል።

በምርመራው ቀን ብሌኗ በጠብታ ይሰፋል። ለአራት፣ ለስድስት ሰዓት ያህል የቅርቡ ይደበዝዛል፣ ብርሃን ያስቸግራታል። አይጎዳም፣ ያልፋል። ብቻዋን እንዳትሄድ፣ ጥላ ወይም ጥቁር መነጽር ትያዝ፣ ባይኖር ነጠላዋን ወደ ፊት ትጎትተው። በዚያው ቀን ጠዋት የስኳርና የግፊት መድኃኒቷን ሳትወስድ፣ ሳትበላ አትሂድ፤ ለደም ምርመራ ካልተባለች በስተቀር ለዓይን ምርመራ ባዶ ሆድ አያስፈልግም። ከተቻለ ከዋዜማው ገብታ አድራ ጠዋት ትታይ። ስትወጣ ውጤቱ በወረቀት ይጻፍላት፣ ፎቶ አንሥተው ይላኩልሽ፤ «ደህና ነው ብለውኛል» ብቻ አይበቃም። የሚቀጥለው ምርመራ ወር ስልክሽ ላይ ይመዝገብ።

እስከዚያው በስልክ አንድ ነገር ሞክሪ። ግድግዳ ላይ ያለውን ካሌንደር አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ትየው፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱን ከፍተን ስንኖር ጥሩው ዓይን የደከመውን ይደብቃልና ልዩነቱን የምታውቂው አንድ በአንድ ሲሆን ነው። ልዩነት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ልዩነት ባይኖር ግን ምርመራው አይቀርም፤ ከላይ ያልኩትን አስታውሺ።

በድንገት ዓይን ፊት የሸረሪት ድር ወይም ጥቁር ነጠብጣብ መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየ፣ ብልጭታ ከበዛ፣ የበሩ መቃን የተጣመመ ከመሰለ፣ ወይም አንድ ዓይን በአንዴ ከጨለመ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መኪና ላይ ትውጣ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጠብታ ገዝቶ መጨመር፣ ቅጠል ጨምቆ ማንጠብጠብ ጊዜ ከማባከን ሌላ የሚሠራው የለም፤ በሽታው ያለው ጠብታው ከማይደርስበት ከዓይኑ ኋላ ነው።

ወላጆቻችሁ ስኳር ካለባቸውና ዓይናቸውን መቼ እንደታዩ ካላወቃችሁ ዛሬ ማታ ስትደውሉ ጠይቁልኝ። የገጠማችሁን ጻፉልኝ፤ ከሚመጡት ጥያቄዎች በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ስኳርና ኩላሊት እንነጋገራለን።